የድቡ ሆድ ዕቃ

ከቦርከና ድልድይ አለፍ እንዳላችሁ፣ በጀማነሽ ፒዛ፣
አንድ ድብ ቆሟል፤ የልጅ እጅ ሲነካው አፍንጫው የወዛ።
ከየት እንደመጣ ሰው ሁሉ ያወራል፣ ሁሉም በየራሱ፤
አንዱ ካሰብ ይላል፣ አንዱ ከጅቡቲ፣
በጨው መኪና ላይ፣ ጨው በልቶት ልብሱ።

ባንጆ ይዞ ነበር። ባንጆ ማን አይቶ? ክራር ነው ተባለ።
ድብስ ማን አይቶ? ጅብ ነው ያለ ልጅ ጠረጴዛ ሥር ዋለ።
ወይዘሮ ጀማነሽ መቀሷን አንስታ፣ ጆሮውን አሳጥራ፣
ቀይ ቆብ ደፋችለት፤ "ጋሽ ድቡ" አለችው፣ እንግዲህ እንዳይፈራ።

ድምፁ ግን የፈረንጅ ነው፤ ያውም ክሩ ሲላላ እንደ በሬ አገሳ።
አባቴን አስጠሩት፣ ከጨርቃ ጨርቁ፣
የሌት ፈረቃውን ጨርሶ ሲነሳ።

አባቴ አራጋው፣ የማሽን ሐኪም፣ ከአፉ ቃል የማይወጣ፤
እቤት "ጨው አቀብሉኝ" ካለ፣
ለሳምንት የሚበቃ ወሬ መጣ።
አንገቱን በሽመና ማሽን ጥርስ አስተካክሎ፣
ዓይኑን በፊያት ዝናብ መጥረጊያ ሞተር ግራ ቀኝ አንከባሎ፣
ሲጨርስ፣ ካሴቱ ላይ የሚናገር ጠፋ። ሁሉም ተግደረደረ።
ያ ዝምተኛ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ እንዲህ ብሎ ጀመረ፦

"እንኳን ተወለድሽ የኔ ልጅ፣ እንኳን ተወለድክ የኔ ልጅ፤
ኬኩ እስኪመጣ እጅሽን ታጠቢ፣
እጅህን ታጠብ፣ በል እንጅ!"

ከደሴ ድረስ፣ በሚኒባስ፣ ሀረጎን ወርደው ይመጡ ነበር፤
የዳኛው ልጅ፣ የነጋዴው ልጅ፣ ለፎቶ ሲጋፉ ድቡ ሥር።
እኔ በመስኮት አይ ነበር።

እኛ ቤት ልደት የለም። "በበልግ ነው፣
ዝናብ ሲያንገራግር" ይሉኛል፤
መታወቂያዬ ላይ መስከረም አንድ ነው፣
ቀን ለማያውቅ ሁሉ የሚታደል።

አባቴ ጥጥ በሞላው ሳንባ፣ ዝም እንዳለ አረፈ።

ከዚያ ያ ጥቅምት መጣ። ከሀረጎ በላይ ሰማዩ ሲያጓራ፣
ጀማነሽ ቁልፉን ለጎረቤት ትታ ሸሸች፣ ከልጆቿ ጋራ።
ስትመለስ ምድጃው የለም፤ ፍሪጁ፣ ወንበሩ፣ ሚዛኑም የለ፤
ድቡን ማን ወስዶ ምን ሊያደርገው?
ግድግዳውን ደግፎ አለ።

ቶፊቅ ነው የጠራኝ፣ ልጇ። ስልክ እጠግናለሁ፣ መናኸሪያው ጎን።
"ካሴቱን አውጪና ፍላሽ ክተቺበት፤ ዘፈን ይበል አሁን።
እምቢ ካለ ደግሞ፣ ቁራሌው ጠይቋል፣ በኪሎ ነው" አለኝ።
ሆዱን ፈታሁት። አራት ብሎን ነው።
አቧራው አስነጠሰኝ።

ከውስጥ፣ ጣውላው ላይ፣ በእርሳስ፣
ወደ ቀኝ የሚያዘነብል የአባቴ ጽሕፈት፦

ሰኔ 3፣ 88። ቀበቶ ተቀየረ።
ኅዳር 20፣ 89። የግራ ዓይን። ከፊያቱ።
የካቲት 91። አይጥ። ጆሮው ተሰፋ።
መጋቢት 14፣ 92። ሞተሩ ጋለ። አልጨረስኩም።
"ሴት ልጅ ነች" ብለው ጠሩኝ። ነገ።
መጋቢት 15። ሞተሩ ደህና ነው። እሷም።

ቶፊቅ ሻይ አምጥቶ አጠገቤ አስቀመጠ። በረደ።
"እሺ፣ ምን አለ?" አለኝ።
"ፍላሽ አይቀበልም፤ ሞዴሉ አሮጌ ነው" አልኩት።
ሦስት ወንበር የሚያክል ውሸት።

ሶኬቱን ሰካሁት።
አንገቱ ሲጥ ብሎ ዞረ፤ የግራ ዓይኑ ቀደመ፣ የቀኙ ተከተለ።
የካሴቱ መጀመሪያ ግን ተበልቷል፤
"እንኳን" የለም፣ "ተወለድሽ" የለም፣ "የኔ ልጅ" የለም፣
እንደ ዝናብ የሚንሾካሾክ ነገር ብቻ፣ ረጅም፤
እኔም ልነቅለው እጄን ስዘረጋ፣

"እጅሽን ታጠቢ" አለኝ።

እጄን አየሁት። እስከ አንጓዬ ግሪስ ነው።
ቧንቧው ወዴት ነው? አልኩት ቶፊቅን።